«ፈጠርኩት» በል

ትናንት ከትምህርት ቤታችን አጥር ውጪ አንድ ሰው ብስክሌቱን ገልብጦ የኋላውን ጎማ በእጁ ያሽከረክር ነበር። ጥርርር የሚለው ድምፅ በክፍሉ መስኮት ገባ። ሰሌዳ ላይ የጀመርኩትን ዓረፍተ ነገር ሳልጨርስ ጠመኔዬን እንደያዝኩ ቆምኩ። ተማሪዎቼ የረሳሁ መስሏቸው ቀጣዩን ቃል ከኋላዬ አቀበሉኝ። እኔ ግን አልረሳሁም፤ እንዲያውም የማስታውሰው በዝቶብኝ ነበር። የግራሶ ሽታ፣ ከሽመና ጉድጓዱ የሚወጣው የእርጥብ አፈር ሽታ፣ በቆርቆሮው ቀዳዳ ገብቶ ነጩ ክር ላይ የሚያርፈው የጠዋት ብርሃን፣ የወንድሜ ሳቅ፤ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጣብኝ።

አንቺ ገና ማስተማር መጀመርሽ ስለሆነ ይህን ልንገርሽ። በቅደም ተከተል ለመናገር እሞክራለሁ፤ ልማዴን ታውቂዋለሽ።

ቤታችን ሽሮ ሜዳ ነበር፤ ከገበያው በላይ፣ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ላይ። እናትና አባቴ ከጋሞ ደጋ የመጡ ናቸው። አባቴ እንደ ጎረቤቶቻችን ሁሉ ሸማኔ ነበር። እሱ ሲሞት ታናሽ ወንድሜ ትምህርቱን አቋርጦ የአባቴ የሽመና ጉድጓድ ላይ ተቀመጠ። «እሷ ትጨርስ» አለ፤ እኔን ማለቱ ነው። ስለዚህ እኔ ጨረስኩ። መምህርት ሆንኩ። ቀን ሕፃናት አስተምራለሁ፤ አመሻሽ ላይ ደብተሬን በነጠላዬ ሸፍኜ ስድስት ኪሎ እወርድና ኢኮኖሚክስ እማራለሁ። ወንድሜም ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ስሜን ተወው። «ቲቸር» ሆንኩ፤ ጨው ሲያቀብለኝም ቲቸር፣ ሲቆጣኝም ቲቸር።

በዚያን ዘመን ትምህርቱ ሁሉ ስለ ዕቅድና ስለ ኮታ ነበር። አንድ መምህር ግን ነበረን፤ ቀጭን፣ ሁልጊዜ አንድ ቡናማ ኮት የሚለብስ። አንድ ቀን ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ እንዲህ አለን፤ «ካፒታል ከየት እንደሚመጣ ተማራችሁ። ጉልበት ከየት እንደሚመጣ ተማራችሁ። አዲስ ሐሳብስ? የትኛው መጋዘን ነው የሚቀመጠው?»

ክፍሉ ሳቀ። እሱ አልሳቀም። ኮሪደሩን ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከባዶ የሚመጣ አዲስ ነገር የለም። ሁለት አሮጌ ነገሮች ናቸው፤ ተገናኝተው የማያውቁ። የሚያገናኛቸው ሰው ሲገኝ አዲስ ነገር ተወለደ እንላለን። አገር ድሃ የሚሆነው አሮጌ ነገር ስላነሰው አይደለም።» ከዚያ በላይ አልቀጠለም። ወደ ዕቅዱ ተመለሰ።

እኔ ግን በዚያች ንግግር ተያዝኩ። ዳገቱን ስወጣ ሳስባት፣ ደብተር ሳርም ሳስባት ከረምኩ። የመመረቂያ ጽሑፌንም በዚሁ ላይ ለመሥራት ወሰንኩ፤ አዲስ አሠራር በሸማኔዎች መካከል ከየት ይመጣል የሚል። ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። አዲሱ ነገር ቤታችን ውስጥ ቆሞ ነበር።

ምን እንደሆነ ላስረዳሽ። ሸማኔ ሲሠራ ማጉን፣ ማለትም በድሩ መካከል የሚመላለሰውን ክር፣ ቀሰም በሚባል ትንሽ የሸንበቆ ቁራጭ ላይ እንደተጠቀለለ መወርወሪያው ውስጥ ይከተዋል። ክሩን ቀድሞ ቀሰሙ ላይ መጠቅለል መደወር ይባላል። የሚደውሩት ሴቶች ናቸው፤ በእጅ፣ ቀኑን ሙሉ። በእኛ ቤት እናቴ ነበረች። የእንጦጦ ብርድ እጇ ላይ ቁርጥማት አስቀመጠባትና የቀኝ አንጓዋ ማበጥ ጀመረ። ጠዋት ጠዋት ጣቶቿን በሙቅ ውሃ ነክራ አንድ በአንድ ስታፍታታቸው አያት ነበር። አታማርርም፤ ከንፈሯን ብቻ ትነክሳለች።

ከገበያው በታች አንድ ጎሚስታ ነበር፤ የመኪናም የብስክሌትም ጎማ የሚጠግን፣ አፉ የማያርፍ ሽማግሌ። ወንድሜ ሥራ ሲፈታ እሱ ዘንድ ሄዶ ይቀመጣል። አንድ ቀን የተጣመመ የብስክሌት ቸርኬ ተሸክሞ መጣ። በሌላው ቀን ደግሞ በእግሩ እየረገጠ የመሳያ ድንጋዩን የሚያሽከረክር ቢላ ሳይ፣ ቢላ የሚስል ሰው፣ በሰፈራችን ሲያልፍ፣ ወንድሜ ሥራውን ጥሎ እስከ ታችኛው መታጠፊያ ድረስ ተከተለው። ከዚያ ሰነበተ። ሲሰነጥቅ፣ ሲመታ፣ ሲሰድብ፣ እንደገና ሲፈታ ሰነበተ። በመጨረሻ ቸርኬውን የባሕር ዛፍ እንጨት ላይ አቁሞ፣ ከታች የእግር መርገጫ ሰጥቶት፣ ከአሮጌ የውስጥ ጎማ የቆረጠውን ጠፍር በዙሪያው አዞረበት። ጠፍሩ በጎን በኩል የተደረደሩትን ቀሰሞች ሁሉ ባንድነት ያሽከረክራል። እናቴ በእግሯ ረገጥ ረገጥ ታደርጋለች፤ በጣቷ ክሩን መምራት ብቻ ነው። አንጓዋ ያርፋል።

መጀመሪያ የሞከረችው ቀን ጮኸች። «ሃይ! ሃይ! አስቁመው! ሊበላኝ ነው!» ከዚያ ሳቀች። እናቴ አፏን ሳትሸፍን ስትስቅ ያየሁት ያኔ ነው።

እኔም ደብተሬን ይዤ ጉድጓዱ አጠገብ ተቀመጥኩ። «ይህን ሐሳብ ከየት አመጣኸው?» አልኩት።

«ከጎሚስታው ሰረቅኩት።»

«የምሬን ነው።»

«እኔም የምሬን ነው። አይተሽ እንደሆነ ቸርኬው የራሱ ነው።»

በሌላ ቀን ስጠይቀው «በህልሜ አባዬ ነገረኝ» ይላል። በሌላው ቀን «የእማዬ አንጓ ውስጥ ነው ያገኘሁት፤ ለረጅም ጊዜ ተደብቆ ኖሮ» ይለኛል። እኔ ሁሉንም እጽፋለሁ። ጽሑፌ አንድ ቦታ ላይ ግን ተሰናከለብኝ። መጻሕፍቱ ሰው አዲስ መሣሪያ የሚያበጀው ትርፍ ፍለጋ ነው ይላሉ። በእኛ ሰፈር ደግሞ ክር የሚታደለው በሸማኔዎቹ ማኅበር በኩል፣ በመጠን ነበር። ቀሰሙ ቶሎ ቢደወር ክሩ ቶሎ ያልቃል እንጂ ሸማው አይበዛም። ወንድሜ ያንን ሁሉ የደከመው አንዳች ለማይጨምርለት ነገር ነው። ይህን እንዴት ብዬ እንደማብራራ ሳሰላስል ነው ነገሩ የመጣው።

ብሔራዊ ውትድርና። ቃሉን ዛሬ ስታነቢው ቀላል ነው። ያን ጊዜ ግን በሰፈሩ ሲነገር ሴቶች የያዙትን ያስቀምጡ ነበር። ከሰሜን የሚመለስ አልነበረም፤ ቢመለስም እንደሄደ ሆኖ የሚመለስ አልነበረም። የታችኛው ጎረቤታችን ልጅ ሄዶ፣ እናቱ በየመኪናው ድምፅ ወደ በር የምትወጣ ሆና ቀርታለች። አሁን የወንድሜ ዕድሜ ደረሰ ተባለ።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ድሮ ልብስ ሰፊ ነበር፤ የእኔን የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የሰፋው እሱ ነው። ቢሮው ሄድኩ። እንዴት እንደለመንኩት አልነግርሽም። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝና በሩን ገፋ አድርጎ ዘጋው።

«ስሚ፣ ጓዲት መምህርት። ሠራተኛ ነው ብትይኝ፣ ሁሉም ሠራተኛ ነው። እናቱን ጧሪ ነው ብትይኝ፣ የማን ልጅ ነው ጧሪ ያልሆነው? ግን ያ... ያ የሚሽከረከረው ነገር አለ አይደል?»

«አለ።»

«ፈጣሪ ሠራተኛ ከምርት አይነሳም ተብሏል። ስብሰባው ላይ ይዞት ይምጣ። በራሱ አፍ፣ በሕዝብ ፊት፣ ‹የፈጠርኩት እኔ ነኝ› ይበል። ‹ሠራሁት› አይደለም፤ ሠሪማ ብዙ ነው። ‹ፈጠርኩት› ይበል። የቀረውን ለኔ ተዪው።» ከዚያ እጄን ያዘኝ። የእሱም እጅ ቀዝቅዞ ነበር። «የተጠየቅኩትን ሰው ካላሟላሁ በጎደለው ቦታ እኔ ነኝ የምሄደው። መንገዱ ይህ ብቻ ነው።»

እየሮጥኩ ወጣሁ። ዳገቱ ያን ዕለት ሜዳ ነበር። አንዲት ቃል! ወንድሜ የሚድነው በአንዲት ቃል ነው። ቃል ማስተማር ደግሞ ሥራዬ ነው።

አመሻሹ ላይ እንደ ተማሪ ፊቴ አቆምኩት። እናቴ ከጥግ ሆና ታየናለች።

«በል ድገም። ይህን መሣሪያ የፈጠርኩት እኔ ነኝ።»

«ይህን መሣሪያ የሠራሁት እኔ ነኝ።»

«የሠራሁት አይደለም፤ የፈጠርኩት።»

«ልዩነቱ ምንድነው ቲቸር?»

«ሠሪው ይሄዳል። የሚቀረው ፈጣሪ ነው።»

«እሱማ ድሮም ቀሪው ፈጣሪ ነው። ሂያጆቹ እኛ ነን።»

«አትቀልድ!»

«እሺ፣ እሺ። ይህን መሣሪያ የፈ... የፈ...» ወደ እናቴ ዞረ። «እማዬ፣ ስንት ቀን ፈጀብህ ቢሉኝስ? በስድስት ቀን ጨርሼ በሰባተኛው ዐረፍኩ ልበል?»

እናቴ «እግዚኦ በል አንተ!» ብላ አማተበች። ሳቀ። እኔም ሳላስበው ሳቅኩ። ከዚያ የምስቅበት ምክንያት ትዝ አለኝና ዕንባዬ መጣ።

አየሽ፣ ይህን ቃል ዛሬ በየቦታው እንሰማዋለን። የፈጠራ ሥራ፣ የፈጠራ ክበብ፣ የፈጠራ ውድድር። ለእኛ ቤት ግን ፈጠረ የሚለው ቃል ባለቤት ነበረው። ሰው ይሠራል፣ ያበጃል፣ ይጠግናል። መፍጠር የአንድ ብቻ ነው። ሌላው ትርጉሙ ደግሞ ከዚያ የባሰ ነበር፤ ሰው ፈጠረ ከተባለ ያልነበረ ወሬ አወራ፣ ዋሸ ማለት ነው። ወንድሜ በሁለቱ መካከል ነበር የቆመው፤ ወይ አምላክ ነኝ ሊል፣ ወይ ውሸታም ነኝ ሊል። እኔ ይህን ያን ጊዜም አውቀው ነበር። ቢሆንም «ድገም» እለው ነበር። ሌላ ምን አማራጭ ነበረኝ?

በመጨረሻ እናቴ ተናገረች። «ልጄ፣ በል። ቃሏን በላት። እኔ እታረቅልሃለሁ።»

«ከማን ጋር ነው የምትታረቂልኝ?»

«ከእሱው ጋር። ጠዋት ማርያም ሄጄ አስቀድሜ ይቅርታ እለምንልሃለሁ። የጭንቅ ቃል ነች፤ እሷም እናት ናት፤ ታውቃለች።»

ወንድሜ መቀለዱን አቆመ። አጎንብሶ ቸርኬውን በጣቱ ገፋ አደረገው። «የፈጠርኩት እኔ ነኝ» አለ፤ ቀስ ብሎ፣ እንደ ትኩስ ድንች አፉ ውስጥ እያገላበጣት። ደስ አለኝ። አስደገምኩት። ደገመው።

ያም ሆኖ አላመንኩም። በማግስቱ ወደዚያ ቀጭን መምህሬ ሄድኩ። ስብሰባው ላይ መጥቶ ስለ መሣሪያው እንዲመሰክር ለመንኩት። ፊቱ ተለዋወጠ።

«እኔ እዚያ ብቆም ለወንድምሽ የሚጠቅመው የለም። ‹አንተስ ይህን ሐሳብ ከየት አመጣኸው› ነው የሚሉኝ። ከእኔ በፊት የነበረውን መምህር የጠየቁት ይህንኑ ነው።» የኮቱን ቁልፍ ፈታ፤ መልሶ ቆለፈው። «አንድ ነገር ልንገርሽ። ሐሳቡ ከየት መጣ ካሉሽ አትመልሺ። ማን አገናኘው? በያቸው። መልሱ ያለው እዚያ ነው።»

የስብሰባው ዕለት እናቴ ገና ሳይነጋ ወደ እንጦጦ ማርያም ወጣች። እኔና ወንድሜ መሣሪያውን ጫፍና ጫፉን ይዘን ዳገቱን ወረድን። ሲወዛወዝ ቸርኬው በራሱ ይዞር ነበር። ፀሐዩ ጥሩ ነበር። ሽሮ ሜዳ ገበያ ነጠላው በየገመዱ ተሰቅሎ በነፋሱ ይውለበለባል። ሰዎች «ምንድነው?» ይሉታል። «የጦር መሣሪያ!» ይላቸዋል። በጎኑ ቆነጠጥኩት።

የቀበሌው አዳራሽ ሞልቶ ነበር። ፊት ለፊት ሊቀመንበሩ ተቀምጧል። አጠገቡ ከቀበሌው በላይ ካለው አስተዳደር፣ ከከፍተኛው፣ የመጣ አንድ ሰውዬ አለ፤ ሰማያዊ ካኪ የለበሰ፣ የማናውቀው። ሊቀመንበሩ ያንን ሰው አልጠበቀውም መሰለኝ፤ ላቡን ይጠርጋል።

ወንድሜ መሣሪያውን አቆመና ረገጠው። ቀሰሞቹ ሁሉ ባንዴ ተሽከረከሩ፤ ክሩ እንደ ጢስ ተጠቀለለ። ከኋላ ያሉት ሴቶች እልል አሉ። ጎሚስታው ሽማግሌ መሐል ላይ ቆሞ «ቸርኬው የኔ ነው! ቸርኬው የኔ ነው!» እያለ ለጎረቤቶቹ ሁሉ ያስታውቃል።

ከከፍተኛው የመጣው ሰውዬ «ምርት ጨምሯል?» አለ።

ወንድሜ «ክር ከጨመራችሁልን ይጨምራል» አለ። አዳራሹ ሳቀ። ሊቀመንበሩ ግን ቸኩሎ ተነሣ።

«ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። አንተ ወጣት፣ ይህን መሣሪያ የፈጠርከው አንተ ነህ?»

ወንድሜ አፉን ከፈተ። ቃሏ ከንፈሩ ላይ ስትደርስ አየኋት፤ እማልልሻለሁ። እኔም ከንፈሬን አብሬው እያንቀሳቀስኩ ነበር። በዚያች ቅጽበት እናቴ በአዳራሹ በር ገባች። ከማርያም ቀጥታ መምጣቷ ነው። ነጠላዋን በትእምርተ መስቀል አጣፍታለች፤ እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ አቧራ ለብሷል፤ ግንባሯ ላይ የተባረከውን አመድ፣ እመት፣ ተቀብታለች። ወንድሜ አያት። አፉን መልሶ ዘጋ።

«እንደገና ልጠይቅህ» አለ ሊቀመንበሩ። ድምፁ የሚለምን ሰው ድምፅ ነበር። «የፈጠርከው አንተ ነህ አይደል?»

«ጓድ ሊቀመንበር» አለ ወንድሜ። «ፈጣሪስ አንድ እግዜር ነው። እኔ የሠራሁት ነው።»

ካኪ የለበሰው ሰውዬ ወንበሩን ወደፊት ሳበ። «እንግዲህ ካልፈጠርከው ከየት አመጣኸው?»

«ቸርኬውን ከጎሚስታው። የእግር አረጋገጡን ከቢላ ሳዩ። እንጨቱን ከደኑ። ሌላውን ደግሞ ከእናቴ።»

«ኧረ ባክህ ዝም በል አንተ ልጅ!» ጎሚስታው ነበር የጮኸው። ሰዉን እየገፋ ወደፊት መጣ። «ጓዶች፣ እኔ የሰጠሁት የተጣመመ ቸርኬ ነው! የሚጣል! የፈጠረው እሱ ነው! ስንት ዓመት እጄ ላይ ሲሽከረከር እኔ ምን አየሁበት?»

«ስብሰባ አትረብሽ፣ አባት። ተቀመጥ።»

እኔም ተነሣሁ። ክፍል ውስጥ እንደማስተምር ድምፄን አወጣሁ። ቸርኬው በፊት ነበረ፤ ቀሰሙም በፊት ነበረ፤ ጎሚስታውና ሸማኔው ለዘመናት አንድ መንገድ ላይ ኖረዋል፤ ማንም አላገናኛቸውም አልኩ። አዲስ ነገር ማለት መገናኘቱ ነው፤ ያገናኘው እሱ ነው፤ እሱ ከሄደ ቀጣዩን ማን ያገናኛል? ስል ጠየቅኩ። ደህና አድርጌ ነው የተናገርኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አስረድቼ አላውቅም። ሰዎች ራሳቸውን ሲነቀንቁ አይቻለሁ።

ካኪ የለበሰው ሰውዬ እስክጨርስ በትዕግሥት ጠበቀኝ። ከዚያ ተነሥቶ ፈገግ አለ።

«ጓዶች! ወጣቱ ራሱ በግልጽ እንደመሰከረው፣ ይህ የአንድ ግለሰብ ፈጠራ አይደለም። ጎሚስታው አለበት፣ ቢላ ሳዩ አለበት፣ እናቶች አሉበት። ይህ የሰፊው ሕዝብ ፈጠራ ነው!»

ተጨበጨበ። ምን ያድርጉ፤ ሰፊው ሕዝብ ሲባል ይጨበጨባል። እናቴም በሩ ላይ ቆማ፣ የተባለው ሳይገባት፣ ደግ ነገር መስሏት ባበጠ እጇ አጨበጨበች። እኔ ይህን ነው ልረሳው የማልችለው።

መሣሪያው ማኅበሩ ቤት እንዲቀመጥ ተወሰነ። ወንድሜም እንዲሄድ ተወሰነ።

የተመረጡትን ከዚያው አላስወጧቸውም። ከሰዓት በኋላ ቤተሰብ በቀበሌው ግቢ አጥር ስንጥቅ በኩል ምግብ እያቀበለ ይሰናበት ነበር። ሊቀመንበሩ አጠገቤ ሲያልፍ ዓይኑን አላነሣም። «አንዲት ቃል!» አለ ለራሱ። «መንገድ ከፍቼለት ነበር እኮ። አንዲት ቃል!»

የወንድሜን እጅ በስንጥቁ ያዝኩት። «ለምን?» አልኩት። «ለምን? ስንት ጊዜ ደግመሃት አልነበር?»

«አፌ ላይ መጥታ ነበር፣ ቲቸር። እውነቴን ነው። ግን እማዬን አየኋት። ጠዋት ሙሉ ስለ እኔ እግዜርን ስትለምነው ቆይታ... በለመነችው ፊት ‹እኔ ነኝ› ልበል? በዛሬዋ ቀን? አድነኝ የምለው እሱን፣ ስሙን የምቀማው እሱን?»

«እሷ እኮ ናት በል ያለችህ!»

«እሷማ ለእኔ ብላ ነው። ሲዖልም ግቢልኝ ብላት እኮ ትገባለች።»

በስንጥቁ ያለፈውን ክንዱን በጡጫዬ መታሁት። ደጋግሜ መታሁት። አልሸሸም። «ተማሪ መግረፍ ክልክል ነው» አለኝ። ከዚያ ሳቁ መሐል ላይ ተቆረጠና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

በማግስቱ ጠዋት በጭነት መኪና ወሰዷቸው። እናቴ ራሱ የሸመነውን ጋቢ ወረወረችለት፤ በአየር ላይ ያዘው። መኪናው ወደ ታች ሲታጠፍ የባሕር ዛፍ የተሸከሙ ሴቶች ከእንጦጦ እየወረዱ ነበር፤ መንገዱን ለቀቁለት። ከዚያ በኋላ ያለውን ማውራት አልችልበትም። አንድ ጊዜ በአንድ በተመለሰ ወታደር በኩል «ደህና ነኝ፤ ቲቸርን ሰላም በሉልኝ» የሚል መልእክት ደረሰን። ከዚያ ምንም። መንግሥት ተለወጠ፤ የተበተነው ሠራዊት በእግሩ ወደ ከተማው ሲገባ እናቴ መንገድ ዳር ቆማ የእያንዳንዱን ፊት አየች። መርዶ አልመጣም። መርዶ ካልመጣ ደግሞ አይለቀስም፤ አይቀመጥም፤ ተዝካር አይወጣም።

መሣሪያው ግን ተስፋፋ። ማኅበሩ ቤት ያየው ሁሉ እየሄደ የራሱን አበጀ። አንዱ በብረት ሠራው፤ ሌላው ሁለት ቸርኬ አደረገበት። ስንቱን የሰፈራችንን ሴት አንጓ አሳረፈ። ጽሑፌን ጨርሼ አስረክቤያለሁ፤ አዲስ ነገር እንዴት ከሰው ወደ ሰው እንደሚሄድ የሚለውን ክፍል ለመጻፍ በቂ ማስረጃ ነበረኝ። መምህሬ መልካም ነው አለኝ። እናቴ ግን አንድም ቀን ማኅበሩ ቤት ሄዳ አልተጠቀመችበትም። ጎረቤቶች ሌላ ሊያበጁላት ጠየቋት፤ እምቢ አለች። ለሰው ትደውራለች፤ በእጇ፤ ከንፈሯን ነክሳ።

የወንድሜ ሽመናም እንደነበረ ቆመ። ሊሄድ ሰሞን የጀመረው ነጠላ ግማሽ ላይ ነበር፤ ጥለቱ ገና አልገባም። ማኅበሩ «ይቆረጥና ክሩ ለሌላ ይሰጥ» ቢል እናቴ በሩ ላይ ቆመች። ሸማኔው ራሱ ነው የሚቆርጠው አለች። በየሳምንቱ አቧራውን ታራግፍለታለች፤ ብል እንዳይበላው ታገላብጠዋለች።

አንድ ከሰዓት እናቴ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ እኔ ብቻዬን ነበርኩ። ፀሐዩ በቆርቆሮው ቀዳዳ ገብቶ ድሩ ላይ ተኝቷል። ሴት በእኛ ዘንድ አትሸምንም፤ አውቃለሁ። ግን ስንት ዓመት አጠገቡ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ፤ አሠራሩን ደረጃ በደረጃ ጽፌዋለሁ። ጥቂት ባስኬደው፣ አንድ ስንዝር እንኳ ብጨምርበት፣ እናቴ ስትገባ ያደገ ሸማ ብታይ ብዬ አሰብኩ። ለምን እንዲህ እንዳሰብኩ ዛሬም ማስረዳት አልችልም። ጉድጓዱ ጠርዝ ላይ እሱ በሚቀመጥበት ተቀመጥኩ። መወርወሪያውን ያዝኩ። እግሬን ወደ ታች ዘረጋሁ። ከጉድጓዱ ሥር ያለውን የሽመናውን መርገጫ ፈለግኩት፤ የለም። ወደፊት ተንሸራትቼ እንደገና ዘረጋሁ። የእግሬ ጣቶች ባዶውን ይዳብሳሉ። እስከመጨረሻው ተለጥጬ፣ እጄን መሬቱ ላይ ተክዬ ዘረጋሁ። አልደረስኩም።

እናቴ መቼ እንደገባች አላየኋትም። ቀና ስል በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። ቀስ ብላ መጥታ መወርወሪያውን ከእጄ ወሰደች፤ በነጠላዋ ጠርጋ ቦታው መለሰችው።

«አይደርስሽም» አለችኝ። «እሱ ረጅም ነው እኮ።»